በምላጭ የተፋቀው ፊት እና የአባቴ ኔጋቲቮች

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

አባቴ ካረፈ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራው የሒሳብ ሠራተኛነት ነበር፤ ነፍሱ ግን ፎቶ ማንሳት ላይ ነበረች። ጓደኞቹ እንደሚሉት ሰርግ ሲጠራም፣ ጥምቀት ጃንሜዳ ሲወርድም ካሜራው ከአንገቱ አይለይም ነበር። መጀመሪያ ከላይ አጎንብሰው የሚያዩበት ያሺካ ነበረው፤ በኋላ ዜኒት ገዛ። ለተዝካሩ መዘጋጀት ስንጀምር ቁም ሳጥን አናት ላይ ከነበረ ሻንጣ ውስጥ ኔጋቲቮቹን (ፎቶ የሚታተመው ከእነዚህ ከታጠቡ ፊልሞች ነው) አገኘሁ። በፖስታ በፖስታ ተቀምጠው፣ በአባዬ የእጅ ጽሑፍ «ጥር 68»፣ «ሶደሬ»፣ «የእቴቴ ሰርግ» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ኤፕሰን ቪ600 ስካነር በሰው ላከልኝና ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስካን ማድረግ ጀመርኩ።

ችግሩ የመጣው ከአንድ ፎቶ ነው። አራት ወጣቶች ስድስት ኪሎ፣ ሰማዕታት ሐውልት ፊት ለፊት ቆመው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አልበማችን ውስጥ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወንዶቹ ቤልቦተም ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው አፍሮ ነው። እናቴ መሀል አለች። ከእሷ በስተግራ የቆመው ልጅ ግን ፊቱ በምላጭ ተፍቆ ከአንገቱ በላይ የወረቀቱ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ልጆች ሆነን ስንጠይቅ «ተበላሽቶ ነው» ይሉን ነበር። ወንድሜ ፎቶውን ድሮ በስልኩ አንስቶት ኖሮ፣ ባለፈው ወር በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያ አሳድሶ፣ ከለር አድርጎ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። በተፋቀው ቦታ አንድ መልከ መልካም ወጣት ፈገግ ብሎ ቆሟል። አክስቶቼ «ተባረክ»፣ «እንዴት ያምራል» እያሉ ጻፉለት። አሁን ለተዝካሩ በትልቁ አሳትመን ሳሎን እንስቀለው፣ ፌስቡክም ላይ አወጣዋለሁ እያለ ነው።

እኔ ደግሞ «ጥር 68» ከሚለው ፖስታ ውስጥ የዚያኑ ፎቶ ኔጋቲቭ አገኘሁ። ስካን ሳደርገው ፊቱ ሙሉ ነው። ወንድሜ ከለጠፈው ሰው ጋር በምንም አይገናኝም፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። በደስታ ላፕቶፑን ይዤ እማዬ ጋር ሮጥኩ። ዝም ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ይሄን አትንኪው፣ መልሽው» ብላ ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ የፎቶ ነገር አታነሳም፤ እኔም ስካነሩን መክፈት ፈራሁ።

ወንድሜን ምን ልበለው? እውነተኛውን ፊት ላድሰው ወይስ እንደተፋቀ ይቅር? በዚህ ላይ አንዳንዶቹ ኔጋቲቮች አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ፤ የከለሮቹ ፎቶዎች ቀይ ሆነዋል፤ አንድ ያልታጠበ ጥቅል ፊልምም አለ። ሳልደርስበት ሁሉም እንዳይጠፋብኝ እሰጋለሁ።

ግራ የገባኝ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

* * *

እህቴ፣

አባትሽን ነፍስ ይማር። በደስታ ይዘሽው የሮጥሽው ነገር እናትሽን እንደዚያ ሲያደርጋቸው ስታዪ መደንገጥሽ አይፈረድም። ግን ያጠፋሽው ነገር የለም። ያን ልጅ ፊልሙ ላይ ያስቀረው አባትሽ ነው፤ አንቺ ብርሃን አሳለፍሽበት እንጂ የጨመርሽው የለም።

ነገሩ የከበደሽ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ባንዴ ስለተደራረቡብሽ ይመስለኛል፦ መቅዳት፣ ማደስ እና ለሰው ማሳየት። መቅዳት ኔጋቲቩ ላይ ያለውን እንዳለ ወደ ፋይል ማስገባት ነው። ፊልሙ እያረጀ ስለሆነ ይህኛው ፋታ አይሰጥም፤ ማንንም አይጎዳምና ቀጥዪበት። ማደስ ቆይቶ የሚታሰብበት ነው። ማሳየት ግን ፎቶው ውስጥ የቆሙትን ሰዎች ሁሉ ይነካል፤ ከእነሱ አንዷ ደግሞ እናትሽ ናቸው። «አትንኪው» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ገና አልተነጋገራችሁም። ስለዚህ ያቺን አንዲት ፍሬም ለጊዜው ለብቻዋ አስቀምጫት፤ በሌሎቹ ሥራሽን ቀጥዪ። ስካነሩን አትፍሪው።

ከሁሉ የሚቸኩለው የወንድምሽ ጉዳይ ነው፤ ያ ምስል አሁንም በየስልኩ እየዞረ ነው። ወንድምሽ ርቆ የሚኖር ልጅ ነውና ለአባቱ ተዝካር የድርሻዬን ላድርግ ብሎ ያገኘው መንገድ ይህ ነው፤ ክፋት የለበትም። መተግበሪያው ግን የተፋቀውን ፊት ፈልጎ አላገኘውም። ከወረቀቱ ላይ የሌለን ነገር ከየት ያመጣዋል? የብዙ ሌሎች ሰዎችን ፎቶ እያየ የተማረ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ እዚያ ሊኖር የሚችል ፊት ገምቶ ይሥላል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። የእናትሽ ሹራብ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ጥቁርና ነጭ ፊልም አይመዘግበውም። ግምቱ ሹራብ ላይ ቢሆን አልፈዋለሁ። ፊት ላይ ሲሆን ግን እናትሽ በሚያውቁት ሰው ቦታ በዓለም ላይ ያልነበረ ሰው አቁሟል፤ እሱ ሳሎን ተሰቅሎ በየቀኑ ሊያዩት ነው።

እስቲ ደግሞ ግሩፑን መለስ ብለሽ ተመልከቺ። ሁልጊዜ የምትጽፍ፣ ሁሉንም የምትመርቅ፣ በዚህ ፎቶ ላይ ግን ቃል ያልተነፈሰች አክስት የለችም? ካለች ያን ልጅ ታውቀው ይሆናል። አሁኑኑ ሄደሽ ጠይቂያት ማለቴ አይደለም። ወደፊት እናትሽን ለማጽናናት የምታስፈልግሽ ሰው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ወንድምሽን ግሩፑ ላይ አታርሚው፤ በአክስቶቹ ፊት ከተዋረደ ነገሩ ወደ እልህ ይሄዳል። ዛሬ ማታ ደውዪለት። «ወንድምዬ፣ ለአባዬ ብለህ እንደደከምክ አውቃለሁ። ግን የዚያን ፎቶ ኔጋቲቭ አግኝቼዋለሁ፤ ፊቱ ሌላ ነው። እማዬም አይታው ከፍቷታል። ከእሷ ጋር እስክነጋገር ድረስ ያንተን አንሳልኝ» በዪው። ግሩፑ ላይም እሱ ራሱ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ ያ ፊት በማሽን የተሠራ እንደሆነና ማንም ለሌላ እንዳያስተላልፈው። አንድ ነገር አደራ፤ «እስቲ ላከውና ልየው» ቢልሽ እንኳ እውነተኛውን ፊት አሁን አትላኪለት። ቴሌግራም ላይ የወጣ ፎቶ ከእጅሽ ወጣ ማለት ነው። እናትሽ ሳይናገሩ ያ ፊት የአክስቶችሽ ስልክ ላይ ከደረሰ፣ የመናገር ዕድሉን ቀማሻቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ፊት ከፎቶ ላይ የሚፋቅበት ምክንያት ብዙ ነው። የፈረሰ ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ጠብ ሊሆን ይችላል። ግን «ጥር 68» የሚለውን ሳነብ ልቤ ወደ ሌላም ሄዷል። ከዚያ ፎቶ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ቤት ለቤት አሰሳ ነበር። ከተፈላጊ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ የተነሱት ፎቶ ለጥያቄ፣ ከዚያም ለባሰ ነገር የሚዳርግበት ጊዜ ነበር። ስንቱ ቤት አልበሙን ምድጃ ውስጥ ከተተ፤ ስንቱ ጓሮ ቀበረ፤ ስንቱ በመቀስ ቆረጠ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብተሽ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፎቶዎች አይተሻል። አንድ ሰው ሳያቃጥል ያቆያቸው ናቸው።

የእናንተም ታሪክ ይኸው ነው ብለሽ አትወስኚ። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንድትዪ እፈልጋለሁ። ምላጩን ያነሳው ሰው ፎቶውን ቀድዶ መጣል ይችል ነበር። አንድ ፊት ብቻ ፍቆ ሌላውን ሁሉ አልበም ውስጥ መልሷል፤ ይህን ያህል ዓመትም ከቤት ቤት ይዞት ዞሯል። ኔጋቲቩን ደግሞ ማንም አልነካውም። አባትሽ ዓመቱን ጽፎ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጦታል። እናትሽ ኔጋቲቩ እንዳለ ያውቁ ነበር? ካላወቁ፣ ያን ቀን ላፕቶፑ ላይ ያዩት የልጁን ፊት ብቻ አይደለም፤ ባላቸው ይህን ሁሉ ዓመት ሳይነግራቸው እንዳስቀመጠው ጭምር ነው። ተነስተው መኝታ ቤት ቢገቡ ምን ይገርማል?

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ስለ ፎቶው ሳይሆን በድንገት ስላሳየሻቸው። «እማዬ፣ ሳላስጠነቅቅሽ አምጥቼ አስደነገጥኩሽ፤ ለማንም አላሳየሁትም፣ ሳትፈቅጂ አላሳይም» ማለት ይበቃል። መልስ አትጠብቂ። ከዚያ ጥቂት ቀን አሳልፊና ሌሎቹን ፎቶዎች ይዘሽ ቅረቢያቸው፤ የሶደሬውን፣ የሰርጉን፣ እናንተን በልጅነታችሁ የተነሳችሁትን። በስክሪን አይሁን፤ ፎቶ ቤት ሄደሽ አሳትመሽ በእጃቸው ስጫቸው። ትልልቅ ሰዎች ፎቶ በእጃቸው ሲይዙ፣ ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩ ነው ወሬው የሚመጣላቸው። «ይሄ ማነው?» ከማለት ይልቅ «ይሄ የት ነው?»፣ «ይህን ቀሚስ ማን ሰፋልሽ?» በያቸው። ማነው ብሎ ጥያቄ፣ አሰሳ ላሳለፈ ሰው ሌላ ድምፅ አለው። ወደ ስድስት ኪሎው ፎቶ የሚመጡ ከሆነ በራሳቸው መንገድ ይምጡ።

ከተናገሩ አዳምጪ። ስልክሽን አውጥተሽ መቅዳት ቢያምርሽም ሳትጠይቂ አታድርጊው። ማታ እንቅልፍ ቢነሳቸው ወይም ምግብ ቢተዉ ግን ብቻሽን አትሸከሚው። የሚቀርቧቸውን እህት ወይም የንስሐ አባታቸውን ጥሪ፤ ካልቀለላቸው ሐኪም ጋር ውሰጃቸው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ቅር ይለኛል። ያ መነጽር ያደረገ ልጅ እህት ወንድም ይኖረው ይሆናል። ምናልባት አንድም ፎቶው በእጃቸው የለም። ያ ከሆነ፣ አባትሽ ያስቀመጠው ኔጋቲቭ ለእነሱ ከምንም በላይ ነው። ይህን ለእናትሽ በመጀመሪያው ቀን አታንሺው፤ ማንነቱን ራሳቸው ሲነግሩሽ ግን «ቤተሰቦቹ ፎቶ ይኖራቸው ይሆን?» ብለሽ ጠይቂያቸው። በኋላ ለአንድ ቤተሰብ በእጅ የተሰጠ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከሚወጣ ፎቶ በጣም ይለያል። እናትሽ ሁለተኛውን እንቢ ብለው የመጀመሪያውን ሊፈቅዱ ይችላሉ።

ሁለቱንም እንቢ ካሉስ? ያን ጊዜ ፋይሉ ይቀመጥ፣ ኔጋቲቩም ወደ ፖስታው ይመለስ፤ በእሳቸው ዕድሜ ማንም አያየውም። አጥፊው ቢሉሽ ግን ቸኩለሽ አታጥፊ፤ አባቴ ያኖረውን ነገር በእጄ ለማጥፋት ይከብደኛል ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው።

«ላድሰው ወይስ እንደተፋቀ ይቅር?» ላልሽው የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የተፋቀውን ወረቀት አታድሺው። ጀርባውን ጨምረሽ እንዳለ ስካን አድርጊው፤ የምላጩ ጭረት ራሱ የቤታችሁ ታሪክ ነው። ኔጋቲቩ ግን የጎደለው ነገር የለም። እናትሽ ከፈቀዱ አቧራውንና ጭረቱን ማጽዳት፣ ብርሃኑን ማስተካከል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አንድም ፊት መፍጠር አያስፈልግም።

አሁን ፊልሞቹ። ነገ የመጀመሪያ ሥራሽ አቼቶ የሚሸቱትን ከሌሎቹ መለየት ይሁን። ሽታው የሚመጣው ፊልሙ የተሠራበት አሴቴት የሚባል ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ ከሚወጣው አሲድ ነው፤ አቼቶውን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ። የወጣው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። የጀመረውን መመለስ አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ስለዚህ እነዚያን አስቀድመሽ ስካን አድርጊ፤ ፊልሙ እየተኮማተረ ከሄደ በኋላ ስካነሩ ላይ ዝርግ አይልልሽም። በፌስታል ወይም በተከደነ ቆርቆሮ አትጠቅልያቸው፤ አሲዱ መውጫ ሲያጣ ይብሳል። የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ሻንጣውንም ከቁም ሳጥን አናት አውርጂው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቀን ሙቀቱ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት የራቀ መደርደሪያ ፈልጊለት፤ ክረምት ሳይገባ ደግሞ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ፊልሙን በጠርዙ ያዢው። ፈዘዝ ያለው ገጽ ምስሉ ያለበት ነው፤ የሚያብለጨልጨው ጀርባው ነው። አቧራውን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አንሺ እንጂ በትንፋሽ፣ በሸሚዝ ወይም በውኃ አትሞክሪ። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ነው፤ ሻጋታ ከገባበት ውኃ ሲነካው ሟሙቶ ምስሉን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስካነርሽ ዲጂታል አይስ የሚባል ጭረት ማጥፊያ አለው። ለከለር ኔጋቲቭ ጥሩ ነው፤ ለጥቁርና ነጩ ግን አጥፊው። ኢንፍራሬድ ብርሃን እየተጠቀመ ስለሚሠራ በጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ያለውን ብር እንደ አቧራ ቆጥሮ ምስሉን ያበላሸዋል። የያሺካው ኔጋቲቭ ትልቅ ነው፤ በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 2400 የምስል ነጥብ ማለት ነው) ብታነሺው በእያንዳንዱ ጎን ወደ 5,300 ፒክስል ይሰጥሻል፤ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር አድርጎ በጥራት ለማሳተም ይበቃል። የዜኒቱ ትንሽ ፊልም በ3200 ይሁን፤ የስካነሩ ካርቶን ላይ 6400 ቢልም ከዚያ በላይ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም። ዋናውን ምስሉን ሳያጎድል በሚይዘው የፋይል ዓይነት በቲፍ፣ ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው በ16 ቢት አስቀምጪ፤ ለመላላክ ጄፔግ ቅጂ አውጪ። የከለሮቹ መቅላት ሲያን የሚባለው አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ቀለም በጨለማ ውስጥም ሆኖ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው። በ16 ቢት ከተነሳ በኋላ ላይ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ እያስተካከሉ ብዙውን መመለስ ይቻላል።

ለፋይሎቹ ስም ስትሰጪ የአባትሽን አቆጣጠር ጠብቂ፤ «1968 ጥር ስድስት ኪሎ» ብለሽ ዓ.ም. መሆኑን ጻፊበት። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቀን ስካን ያደረግሽበት የፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ልጆቻችሁ በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታሉ። አንድ ቅጂ ኮምፒውተርሽ ላይ፣ አንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ወንድምሽ ዘንድ ይቀመጥ። ቀይ የሆኑትን ማስተካከሉንም ለእሱ ስጪው። ሰው ባለቀለም ነገር ሲወድ ቀለም ያለበት እውነተኛ ሥራ ቢሰጡት ደስ ይለዋል። ኔጋቲቮቹን ግን ስካን አለቀ ብላችሁ እንዳትጥሉ።

ያልታጠበውን ጥቅል አትክፈቺው፣ ለማንም ፎቶ ቤት በችኮላ አትስጪው። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም ምስል ሊወጣለት ይችላል፤ አሮጌ ፊልም ማጠብ የሚያውቅ ሰው ግን ይፈልጋል። ወንድምሽ አሜሪካ የሚያጥብ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። በሰው ከተላከ በእጅ ሻንጣ ይሁንና አየር ማረፊያ ላይ በእጅ እንዲፈተሽ ይጠይቅ፤ የፍተሻ ማሽኑ የታጠበውን ባይጎዳም ያልታጠበውን ሊጎዳ ይችላል። ከመላኩ በፊት ግን እናትሽ ይወቁ። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ሁለተኛ ጊዜ በድንገት መደንገጥ የለባቸውም።

ለተዝካሩ ስድስት ኪሎውን ትታችሁ አባትሽን ፈልጉ። ፎቶ አንሺ ሰው በራሱ አልበም ውስጥ አይገኝም፤ ያሺካ ይዞ ያነሳ ሰው ግን ምልክት ይተዋል። ካሜራውን ሆዱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ስለሚያይ፣ ፀሐይ ከኋላው በሆነች ቁጥር አንገቱን የደፋ ሰው ጥላ ከፎቶው ታችኛው ጠርዝ ይገባል። ስካን ስታደርጊ ጠርዙን አትቁረጪ፤ እንዲህ ያለውን ካገኘሽ ለወንድምሽ ላኪለትና ሳሎን የሚሰቀለውን ሁለታችሁ ምረጡ። ለእናትሽም አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ ይህኛውን ይሰቀል ወይስ አይሰቀል እሳቸው ይበሉ።